መስመር እስኪመጣ የቆየ ገጽ

ትምህርት ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ዝናብ ሲጥል ባጃጅ እምቢ የሚልበት ዳገት ላይ ነው። የሞባይል ዳታ ከተቋረጠ ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ የውጭውን ዓለም የሚያሳየን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። እሱም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ ላይ ተቀምጦ በገመድ መስመር ይገባለታል። መስመሩ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። የመጣ እንደሆነ ጸሐፊዋ በመስኮት ብቅ ብላ «መጣ» ትላለች። ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚሞቅ መምህር ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ወደ ቢሮው ይገባል።

እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ወረፋ ይዤ ባልደረቦቼ ያን ኮምፒውተር ሲነካኩ ማየት ለእኔ የቅጣት ቅጣት ነበር። የባዮሎጂው መምህር የሚፈልገውን ከመጻፉ በፊት መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ሰላምታ ያስገባል፤ «እንደምን ዋላችሁ፣ ስለ ሥር ዓይነቶች ፈልጌ ነበር» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የስፖርቱ ደግሞ አንድ ገጽ ውስጥ ገብቶ መመለስ ሲፈልግ ሁሉንም ዘግቶ ከሀ ይጀምራል። ከላይ በግራ በኩል ያለችውን ቀስት ንካት፣ ወደነበርክበት ትመልስሃለች እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። «ተይኝ፣ ከዋናው በር መግባት ነው የሚሻለኝ» ይለኛል። ከኋላው ቆሜ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። አንዳንዴም ዝም አልልም።

በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ባለሙያ ነበርን። መስመር ባለበት በዚያች ጥቂት ጊዜ ማንም ቁጭ ብሎ አያነብም። ቧንቧ ውኃ ስትመጣ ሰው ቤቱ ያለውን ጀሪካን ሁሉ እንደሚሞላው እኛም ገጽ እንሞላለን። የሚያስፈልገንን ሁሉ እያንዳንዱን በየራሱ ታብ፣ ጎን ለጎን እንከፍታለን። አንዱ ተከፍቶ ሳያልቅ ሌላውን እንጀምራለን። መስመሩ ሲሄድ ደግሞ ተረጋግተን፣ በየተራ፣ ያመጣነውን እናነባለን። ገጹ አንዴ ከመጣ መስመር ባይኖርም እዚያው ይቆያልና።

ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚያከብረው ሕግ ነበረን። መስመር በሌለበት ክብ ቀስቷን መንካት ክልክል ነው። ክብ ቀስቷ በእጅህ ያለውን ገጽ ጥላ አዲስ ልታመጣ ትሄዳለች፤ መስመር ከሌለ ባዶ እጇን ትመለሳለች፣ አንተም ሁለቱንም አጣህ ማለት ነው። የሌላ ሰው ታብ መዝጋትም ነውር ነው። ታቦቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ከላይ ተጨናንቀው ስማቸው እንኳ አይነበብም ነበር፤ ቢሆንም እያንዳንዱ ሰው የራሱን በቦታዋ ያውቃታል። የታሪክ መምህሩ በግራ፣ የባዮሎጂው መሐል ላይ፣ የእኔ በስተቀኝ። ኮምፒውተሩ አይጠፋም፤ መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ ከሥሩ ተቀምጦለታል።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር። ባሌና ልጄ ደብረ ማርቆስ ናቸው፣ ከአማቴ ጋር። ልጄን መጀመሪያ ይዣት መጥቼ ነበር፤ የእንጅባራ ብርድ ደረቷን ያዘው። ሌሊት ስታቃስት አድራ ጠዋት ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ሳየው አቅፌያት ሐኪም ቤት ሮጥኩ። ሐኪሙ ከዚህ ብርድ አውጪያት አለኝ። አባቷ መጥቶ ወሰዳት፣ ለትንሽ ጊዜ ነው ተባባልን። ከዚያ መንገዱ ይዘጋ ጀመር።

መንገዱ እኮ ሩቅ አይደለም። በደህና ቀን ቁርስ በልተሽ ሚኒባስ ብትይዢ ለምሳ ትደርሺያለሽ። ግን ደህና ቀን የት አለ? ዛሬ ተከፈተ ሲሉሽ ነገ ተዘጋ ይሉሻል። ብትሄጂ መመለሻ የለሽም፣ ሥራዋን ጥላ ጠፋች ትባያለሽ። ብትቀሪ ልጅሽን አታዪም። ቅዳሜና እሑድ ከተከራየሁባት ክፍል ወጥቼ መናኸሪያው ድረስ እሄድ ነበር፤ የማርቆስ መኪና አለ ወይ ብዬ ጠይቄ እመለሳለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ረዳቶቹ ሲያዩኝ ሳልጠይቃቸው ራሳቸውን ይነቀንቁልኝ ጀመር። ዙሪያው ለከሰል የሚተከል ዲከረንስ ዛፍ ነው፣ ከላይ ጭጋግ ነው፣ ጭጋጉ ሲገለጥ የከሰል ጭስ ነው። ማንም በር ሳይዘጋብኝ ታስሬ ነበር።

ስልክ ይሠራል፣ ድምፅ ብቻ። ልጄ መጀመሪያ መጀመሪያ ስልኩን ስትሰማ እየሮጠች ትመጣ ነበር። ኋላ ተለምና ሆነ የምትመጣው። አማቴን «እማ» ትላታለች። እኔን ደግሞ አባቷ ሲጠራኝ እየሰማች በስሜ ትጠራኝ ጀመር፣ እንደ ጎረቤት ልጅ። ባሌ ሊያርማት ሲሞክር ተዋት አልኩት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንጀቴ ተቃጠለ።

ስለዚህ የዝውውር ምዝገባ ተከፈተ የሚል ወሬ ስሰማ ሌላ ምንም ነገር ጆሮዬ አልገባም። ምዝገባው በድረ ገጽ ብቻ ነው፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቅ ተባለ። የሚቀጥለው ዓመት ማለት ልጄ እኔን የማታውቅበት ዓመት ነው።

ሰኞ ዕለት መስመር መጣ። ወረፋ የሚባለውን ነገር ረገጥኩት፤ የባዮሎጂውን መምህር «ተነስ፣ ሥሮችህ አይሸሹም» ብዬ ከወንበሩ አስነሳሁት። እሱም እየሳቀ ተነሳልኝ። ገጹን ከፈትኩ፣ ስምና ፓስወርድ አወጣሁ። ብሮውዘሩ «ላስቀምጥልሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት። የአገልግሎት ዘመኔን፣ የትምህርት ዓይነቴን፣ የምሄድበትን ቦታ ሞላሁ። የመጨረሻው የጋብቻ ወረቀቴን ፎቶ ማያያዝ ነበር። ፎቶው እየገባ፣ እየገባ፣ ግማሽ ደርሶ ቆመ። መስመሩ ሄደ።

ገጹ ግን አለ። የሞላሁት ሁሉ እንዳለ ነው፤ መስመር ሲመጣ ፎቶውን አያይዤ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። በስተቀኝ ጥግ ያለችውን ታቤን ልጄን እንደማይ አያት ነበር። ማክሰኞ መስመር የለም። ምሳዬን በዕቃ ይዤ እዚያው ቢሮ በላሁ። ማንም ማውዙን ሲነካ ብድግ እላለሁ። ጸሐፊዋ «እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መሰልሽ እኮ» አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ረቡዕ ከክፍል ስወጣ እዚያ መስመር ይኖር ይሆናል ብዬ በባጃጅ ወርጄ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆምኩ፤ ጥበቃው «እህቴ፣ ዛሬ ከተማው በሙሉ የለውም» ብሎ መለሰኝ።

ርዕሰ መምህራችን ጡረታ የቀረባቸው ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ዳንግላ ገጠር ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቁጣ አያውቁም፣ ይህም ያናድደኝ ነበር። በምሳ ሰዓት ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ስልክ ይደውላሉ፤ ረጅም ጊዜ በአገውኛ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እንደገና ያወራሉ። እኔ አገውኛ አልሰማም። የሚያወሩት ደስ የሚል ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እቀናባቸው ነበር ብል ይቀላል።

ሐሙስ ዕለት ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ጠዋት ግቢው ተጠረገ፣ የበሩ ድንጋዮች ኖራ ተቀቡ፣ ሣር ተጎዘጎዘ። ጋሼ ለእንግዳ የሚሆኑትን የሚያውቅ ያውቃል። ቤታቸው እንግዳ ያደረ እንደሆነ አልጋቸውን ለቀው መሬት የሚተኙ፣ ማዕድ ሲቀርብ እሱ ሳይጎርስ የማይጎርሱ ናቸው። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን እያስተማርኩ ነበር። ለምሳ ስወጣ እንግዶቹ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ጠይቀው ሄደዋል። ወደ ቢሮው ገባሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነጭ ገጽ ብቻ አለ። መፈለጊያ ሳጥን፣ ሌላ ምንም። ከላይ የነበረው የታብ ሰልፍ ጠፍቷል።

«ማነው የነካው?» አልኩ። ጸሐፊዋ ዓይኗን ወደ ጋሼ ላከች።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ረጋ ብለው። «እንግዶቹ ሊሠሩበት ይፈልጉ ይሆናል ብዬ አጸዳሁት። የሰው ነገር ተዝረክርኮበት እያለ እንዴት ሰው ላስቀምጥበት?»

«የእኔን ገጽስ?»

«እሱንም ከድኜዋለሁ። የት ይሄዳል ልጄ? ስትፈልጊው ትገልጪዋለሽ።»

ሰው አለ የለም አላልኩም። «ጋሼ፣ መጽሐፍ መሰለዎት እንዴ? ከዘጉት እኮ አለቀለት። የሞላሁት ሁሉ ጠፋ። ለማን ነው ያጸዱት? እንግዶቹ ኮምፒውተሩን ዞር ብለው አላዩትም። ልጄን ነው የዘጉብኝ።» ድምፄ ውጭ ድረስ ተሰምቷል፤ የስፖርቱ መምህር በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ጋሼ እኔን አላዩኝም። ኮምፒውተሩን ነው ያዩት፣ ለረጅም ጊዜ። «የተዘጋ ይጠፋል እንዴ?» አሉ። ለእኔ የመለሱልኝ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ «አላወቅሁም፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። እኔ ግን ይቅር አላልኩም፤ በሩን ከኋላዬ ገጭ አድርጌ ወጣሁ።

የአይሲቲ መምህሩ ሰርግ ብሎ ዳንግላ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። ደወልኩለት፣ ሰላም ሳልለው ነገርኩት። «አትንጫጪ» አለኝ፤ ከእኔ ጋር እንዲያ ነው የምናወራው። «ኮንትሮልና ሺፍትን አንድ ላይ ያዢ፣ ሳትለቂ «ቲ» የምትለዋን ፊደል ተጫኚ።» ወደ ቢሮው ተመልሼ ተጫንኩ። አንድ ታብ ብቅ አለ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ሌላ። የተዘጉት ሁሉ አንድ በአንድ፣ ኋላ የተዘጋው ቀድሞ፣ ተመለሱ። ሁሉም ግን ፊታቸው ግራጫ ነው፤ መስመር የለም ይላሉ።

«የእኔም መጥታለች፣ ግን ባዶ ናት» አልኩት።

«መስመር ሲገባ ራሷ ትሞላለች። ያስገባሽው ነገር ግን አይኖርም፣ እንደገና ገብተሽ መሙላት አለብሽ። በቃ እዚያው ቁጭ በይ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «እኔስ የት ነኝ ብለሽ ነው፣ የሰው ቤት አልጋ ላይ ተቀምጬ ሳምንቴ» አለና ሳቀ። አልሳቅሁለትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍል አልነበረኝም። መምህራኑ ወደ ከተማ ወረዱ፣ ጸሐፊዋም አስፈቅዳ ሄደች። ቢሮው ውስጥ እኔና ጋሼ ብቻ ቀረን። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት፣ እሳቸው ኮታቸውን ደርበው ከኋላዬ። ከትናንት ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ይሂዱልኝ እያልኩ በልቤ እጠብቃለሁ፣ አይሄዱም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሆነ። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ የማደርገው ነገር አልነበረም፤ የሚነካ ነገር የለም፣ የሚገፋ ነገር የለም። ኑሮዬ ሁሉ ይኸው ነው አልኩ፣ የሰው ቁልፍ እስኪከፈትልኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። ማልቀስ ፈለግሁ፤ እሳቸው ፊት ግን አልቅሼ ደስ አላሰኛቸውም አልኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት።

አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከታች ጥግ ላይ ያለችው የመስመር ምልክት ተቀየረች። ግራጫዎቹ ታቦች መሽከርከር ጀመሩ። «መጣ» አልኩ፣ ለራሴ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው ከኋላዬ ቆሙ።

ታቤ ተከፈተችና ስምሽን አስገቢ አለችኝ። ሳጥኗን ስነካት ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን ስሞች ከሥር ዘረገፈልኝ። አንድ ስም፣ የእኔን፣ ነበር የጠበቅሁት። ሁለት ናቸው፤ ሰኞ በችኮላ ስጽፍ ልብ አላልኩም ነበር። ሁለተኛው የጋሼ ነው፣ ከነአባታቸው።

ይህ ገጽ ዝውውር ለሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ የሚሠራበት ነገር የለም። ዞር አልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎም?»

«ጠዋት ጠዋት ነው፣ እናንተ ሳትመጡ፤ ሳልጨርስ መስመሩ ይሄድብኛል» አሉ። የሰረቀ ሰው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ርዕሰ መምህሩ ሊሄድ ነው ከተባለ ማን ይቀራል ብዬ ነው ያልተናገርኩት። ባሕር ዳር ነው የጠየቅሁት። ባለቤቴ እዚያ ልጃችን ዘንድ ናት፤ ዓይኗ ጠፍቷል። ልጅቱ ቀን ሥራ ትውላለች። ባለቤቴ ደግሞ አማርኛ አይሆንላትም፣ ጎረቤት ቢገባ እንኳ የምታወራው የለም። በር ተዘግቶባት ነው የምትውለው። በምሳ ሰዓት እኔ እደውልላታለሁ፣ ሌላ ሰው የላትም።»

በየቀኑ ፊቴ በአገውኛ ሲያወሩ የሰማሁት ከእሷ ጋር ነበር።

«ትናንት የእርስዎም ገጽ ነበረ እንዴ?»

«ነበረ። መጀመሪያ የዘጋሁት እሱን ነው» አሉ። «የራሴን ሳላነሳ የናንተን እንዴት አነሳለሁ?»

ሁለታችንም የግድግዳውን ሰዓት አየን። «ቅደሚ፣ አንቺ ፈጣን ነሽ» አሉኝ።

በአገራችን ወግ፣ ለይስሙላ እንኳ ቢሆን፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ ይባላል። እኔ አላልኩም። ስሜን ነካሁ፣ ፓስወርዱ በነጥብ ተሞላ፣ ገባሁ። ጣቶቼ እንደዚያ ቀን ሮጠው አያውቁም። አገልግሎት፣ ትምህርት፣ ቦታ። ፎቶውን አያያዝኩ። መሙያዋ ጭረት ግማሽ ደረሰች፣ ሰኞ የቆመችበት ቦታ። አለፈች። ሞላች። ቁልፏን ተጫንኩ። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ በአረንጓዴ ወጣ።

ደስ አለኝ። ከኋላዬ ሰው መቆሙን ረስቼ ደስ አለኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ የልጄ ፊት መጣብኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ብዙ አይደለም። ከዚያ «ይቀመጡ፣ አይ፣ እኔው ልሙላልዎ» ብዬ ከራሴ ስም ወጣሁና የሳቸውን ነካሁ። ነጥቦቹ ሞሉ። ግባ የሚለውን ተጫንኩ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ገጹ ነጣ። ከዚያ ግራጫ ሆነ።

ደግሜ ተጫንኩ። ክብ ቀስቷን ነካሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ያለ የሌለውን ሁሉ አደረግሁ። ሰዓቱ አሥራ አንድን አልፎ ሄደ፤ እኔ አሁንም እጫናለሁ።

«ተይው» አሉኝ በመጨረሻ፣ ወንበር ስበው ከጎኔ እየተቀመጡ። «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠይቀውኝ አያውቁም። «አራት ሊሞላት ነው» አልኳቸው።

«ደግ» አሉ። «እኔን የምትጠብቀኝ ትልቅ ሰው ናት። ቢነግሯት ይገባታል።»